ሥራ ለሠሪው፤ ለትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ድምፅን ስለ ማካፈል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የምንናገርበት ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በአንድ ክፍል ዙሪያ ስለሚሰቀሉ ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎችና፥ በሆዳቸው ተሸሽጎ ድምፅን ለየሠሪው ስለሚያካፍለው መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ የሙያው ሰዎች ክሮስኦቨር ይሉታል፤ እኛ ግን በክበባችን ውስጥ «ድምፅ አካፋይ» ብለን ሰይመነዋል።

ርእሱን የመረጥነው ለጨዋታ ያህል አይደለም። ወላጆቻችን ለአዳራሹ ካዋጡት ገንዘብ ከፊሉ ለድምፅ መሣሪያ ተመድቧል፤ የፊዚክስ ክበባችንም ለትምህርት ፊልሞች የሚሆኑ አምስት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች እንዲሠራ አደራ ተቀብሏል። በመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ልጅ ፊልሙ የሚናገረውን ከሰማ ይማራል፤ ካልሰማ ግን ሥዕል ብቻ ተመልክቶ ይወጣል። ስለዚህ ገንዘቡን የሰጣችሁ ሁሉ ምን እንደምንሠራና ስለ ምን እንደዚያ እንደምንሠራ ማወቅ ይገባችኋል። ከእናንተም መካከል «ልጄ ደብተሩን ትቶ ሽቦ ሲጠመጥም ያመሻል» ብሎ ያዘነ ወላጅ ቢኖር፥ ይህ ንግግር ለእርሱ መልስ እንዲሆነው እንመኛለን።

አስቀድመን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። አንድ ድምፅ ማጉያ ሥራውን ሁሉ ብቻውን ለምን አይሠራም? ጤነኛ የሆነ የወጣት ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ጊዜ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል። ይህንም ድግግሞሽ በሄርዝ እንቈጥረዋለን። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ የ100 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 3.43 ሜትር ይሆናል፤ የ3,000 ሄርዙ ግን 11.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ የ20,000 ሄርዙማ ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ከበሮ ሲመታ ደረታችንን የሚነካው ድምፅ ከቤት የሚረዝም ሞገድ ሲሆን፥ የጸናጽል ሹክሹክታ ግን ከጣት የሚያጥር ነው።

ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሾጣጣው ሰፊ እንዲሆን፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ብዙ እንዲሄድ ያሻል። ቀጭኑን ድምፅ ለማውጣት ደግሞ ቀላልና ፈጣን መሆን ያስፈልጋል። ደግሞም ሾጣጣው ከሞገዱ ርዝመት ጋር የተካከለ እንደ ሆነ ድምፁ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ብቻ ይወረወራል እንጂ ወደ ጐን አይበተንም፤ በጐን የተቀመጠውም ሰው ቀጭኑን ድምፅ ያጣል። ሰፊነትና ትንሽነት፥ ከባድነትና ቀላልነት በአንድ አካል ስለማይገኙ፥ ሥራው በሁለት ይከፈላል። ሰፊው ዉፈር፥ ትንሹም ትዊተር ይባላል። አባቶቻችን «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ፤ የድምፅ አካፋይ ሕግም ይኸው ነው።

አሁን ጥቂት ታሪክ እንናገር። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው ባለ ሾጣጣና ባለ ጥቅል ሽቦ ድምፅ ማጉያ መልኩን የያዘው በ1925 ዓ.ም. ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ በአሜሪካ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሳሉ በሠሩት ሥራ ነው። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ አለን ብሉምላይን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ድምፅን በሁለት መንገድ ቀድቶ አቅጣጫውን ጭምር ስለ ማሰማት የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 28 ዓመት ብቻ ነበረ። ይህ ሰው በ1942 ዓ.ም. በጦርነቱ ዘመን የራዳር መሣሪያ ሲፈትን በአይሮፕላን አደጋ በ38 ዓመቱ ሞተ። በ1940 ዓ.ም. የዋልት ዲዝኒ ፋንታዝያ የተባለው ፊልም ሲታይ ድምፁ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከተመልካቹ ዙሪያ እንዲሰማ በጥቂት ቲያትር ቤቶች ልዩ መሣሪያ ተተከለ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ባትማን ሪተርንስ በተባለው ፊልም የዶልቢ ዲጂታል አሠራር ለሲኒማ ቤት ቀረበ። በዚህም አሠራር አምስት ሙሉ መንገዶችና አንድ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የሚሆን መንገድ ይገኛሉ። ከዚህም የተነሣ «አምስት ነጥብ አንድ» ይባላል።

የአምስቱም ቦታ በዘፈቀደ አይመረጥም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ምክር መሠረት፥ አድማጩ መካከል ላይ ሆኖ ወደ ፊት ሲመለከት አንዱ ማጉያ በቀጥታ በፊቱ ይቆማል፤ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በ30 ዲግሪ፥ የቀሩት ሁለቱም በግራና በቀኝ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ይቆማሉ። አምስት ትልልቅ ሣጥኖች በአንድ ክፍል ውስጥ መገተር ለመተላለፊያም ለገንዘብም አይመችም። ስለዚህ አምስቱን ትንንሽ አድርጎ ወፍራሙን ድምፅ ሰብዉፈር ለሚባል ለአንድ ትልቅ ሣጥን መስጠት የተለመደ ሆነ። ትንንሾቹም እንደ ጨረቃ ዙሪያውን ስለሚቆሙ ሳተላይት ተባሉ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው አሠራር ድምፅ ሁለት ጊዜ ይከፈላል ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ በሰብዉፈሩና በሳተላይቶቹ መካከል ነው፤ ሁለተኛውም በሳተላይቱ ሆድ ውስጥ በዉፈሩና በትዊተሩ መካከል ነው። ሁለቱንም በየተራ እንመልከታቸው።

የታችኛው ክፍያ የት ይሁን? ዝቅ ብሎ ቢሆን ትንሹ ሾጣጣ ይጨነቃል። ምክንያቱም በአንድ ዓይነት ጕልህነት ድግግሞሹ በግማሽ ሲቀንስ ሾጣጣው የሚሄደው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል። በ200 ሄርዝ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሄድ ሾጣጣ በ100 ሄርዝ ሁለት ሚሊሜትር፥ በ50 ሄርዝም ስምንት ሚሊሜትር ሊሄድ ይገደዳል። ትንሽ ማጉያ ይህን አይችልም፤ ይንኰሻኰሻል፥ በመጨረሻም ይበላሻል። ከፍ ብሎ ቢሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ከ80 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ ጆሯችን ከወዴት እንደ መጣ ለመለየት ይቸግረዋል፤ ከዚያ በላይ ከፍ እያለ በሄደ ቍጥር ግን መለየት ይጀምራል። የጐልማሳ ወንድ ድምፅም መሠረቱ ብዙውን ጊዜ ከ85 እስከ 180 ሄርዝ ባለው መካከል ይገኛል። ስለዚህ ክፍያውን በ200 ሄርዝ ብናደርገው፥ የተናጋሪው ቃል ከፊት ለፊት ሲሰማ የድምፁ ውፍረት ከጥግ ካለው ሣጥን ይመጣና አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል።

እኛ የመረጥነው ዉፈር 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ስለ ሆነ፥ ክፍያውን በ100 ሄርዝ አድርገናል፤ ሰብዉፈሩንም ከፊት ማጉያዎች አጠገብ ለማኖር ወስነናል።

ይህን ክፍያ በሳተላይቱ ውስጥ በካፓሲተር፥ በጥንቱ አጠራር በኮንደንሰር፥ ማድረግ አይቻልምን? ሒሳቡን እንሥራ። ለ8 ኦም ማጉያ እጅግ ቀላሉ አካፋይ አንድ ካፓሲተር ነው፤ መጠኑም አንድ ሲካፈል ለ2 ፓይ፥ ለድግግሞሹና ለኦሙ ብዜት ነው። በ3,000 ሄርዝ 6.6 ማይክሮፋራድ ይበቃል። በ100 ሄርዝ ግን 199 ማይክሮፋራድ ያስፈልጋል። ለሰብዉፈሩ የሚሆነው ጥቅል ሽቦም ወደ 13 ሚሊሄንሪ ይሆናል፤ ይህ ክብደቱም ዋጋውም ከማጉያው ይብሳል። ደግሞም በዚያ ዝቅተኛ ስፍራ ዉፈሩ የራሱ የተፈጥሮ መርገብገቢያ ስላለው ኦሙ እንደ ተራራ ከፍ ይላል፥ ሒሳቡም ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ የታችኛውን ክፍያ ለሪሲቨሩ፥ ማለት ድምፁን ለሚያከፋፍለውና ለሚያጐላው መሣሪያ፥ መተው ይሻላል። እርሱ በኤሌክትሮኒክስ ያለ ብዙ ወጪ ይሠራዋል።

ይሁን እንጂ ሣጥኑ ከሪሲቨሩ ጋር መስማማት አለበት። ዙሪያው በሚገባ የተዘጋ ሣጥን በተፈጥሮው ከአንድ ስፍራ በታች ድምፁን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቍጥር 12 ዴሲቤል ይቀንሳል። ብዙ ሪሲቨሮች ለሳተላይቱ የሚያደርጉት ቅነሳ ሌላ 12 ዴሲቤል ነው፤ ለሰብዉፈሩ የሚያደርጉት ግን 24 ነው። እንግዲህ የሣጥኑን ስፋት አስተካክለን የሣጥኑ ቅነሳ ልክ በ100 ሄርዝ እንዲጀምር ብናደርገው፥ 12ና 12 ተደምረው 24 ይሆናሉ፤ ሳተላይቱና ሰብዉፈሩም እንደ ተጋጠሙ ሁለት ሳንቃዎች ይገናኛሉ። ሣጥኑ ከሚገባው በላይ ቢያንስ በመጋጠሚያው አጠገብ ጕብታ ይወጣል፤ ቀዳዳ ቢኖረው ወይም መጠኑ ቢለወጥ ስሌቱ ይዛባል። እንግዲህ የአናጢው ሥራ የሒሳቡ አንድ ክፍል ነው፤ ክበባችንም ሣጥኖቹን በሙጫና በብሎን አጥብቆ የሚዘጋቸው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ላይኛው ክፍያ እንምጣ። የንግግራችን ልብ እዚህ ላይ ነው። በርካሽ ከሚሸጡት ሳተላይቶች ብዙዎቹን ብትከፍቱ፥ በትዊተሩ መንገድ ላይ ከተቀጠለ አንድ ትንሽ ካፓሲተር በቀር ሌላ አታገኙም። ዉፈሩ እንደ ፈለገው ወደ ላይ ይጮኻል፤ ትዊተሩም ከአቅሙ በታች ወዳለው ድምፅ ይወርዳል። ሁለቱም በአንድ ሜዳ ላይ ስለሚሠሩ በአንዳንድ ድግግሞሽ ይደጋገፋሉ፥ በሌላው ደግሞ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይጠፋፋሉ።

ይህ መጠፋፋት ለዜማ ብቻ ቢሆን በታገሥነው ነበር፤ ነገር ግን ለቃል ነው። የቋንቋችን ፊደሎች የሚለዩበት ብዙው ምልክት ከ2,000 ሄርዝ በላይ ይገኛል። «ሰ» እና «ሸ» ትንፋሽ ናቸው፤ ኀይላቸውም በቀጭኑ ድምፅ ውስጥ ነው። «ጠ» እና «ጸ» ደግሞ በቅጽበት ፈንድተው የሚያልፉ ናቸው። በ3,000 ሄርዝ አጠገብ ጕድጓድ ያለበት ማጉያ «መንገዱ ሰፋ» ሲል አድማጩ «መንገዱ ጠፋ» ብሎ ሊሰማ ይችላል። የአማርኛ ቃል በአንዲት ፊደል ትርጕሙ እንዲህ ስለሚገለበጥ፥ የመጋጠሚያው ስፍራ ንጹሕ መሆን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ መፍትሔ ካገኙት ሰዎች መካከል ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝና ረስ ራይሊ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሂውሌት ፓካርድ በተባለው ኩባንያ መሐንዲሶች ነበሩ፤ የሊንክዊትዝ ጽሑፍም በ1976 ዓ.ም. በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ወጣ። ሐሳቡ ይህ ነው፤ በመጋጠሚያው ስፍራ ሁለቱ ማጉያዎች እያንዳንዳቸው ድምፃቸውን በ6 ዴሲቤል፥ ማለት በግማሽ ግፊት፥ ይቀንሱ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይግፉ፥ በአንድ ጊዜም ይሳቡ። ግማሽና ግማሽ ሲደመሩ አንድ ሙሉ ይሆናሉ። ጕብታም ጕድጓድም አይኖርም።

ለ8 ኦም ማጉያና ለ3,000 ሄርዝ የዚህ አካፋይ ቀላሉ ዓይነት እንዲህ ይሠራል። በትዊተሩ መንገድ ላይ 3.3 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይቀጠላል፥ ከእርሱም ቀጥሎ 0.85 ሚሊሄንሪ ጥቅል ሽቦ ከትዊተሩ ጐን ለጐን ይታሰራል። በዉፈሩ መንገድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሽቦው በመንገዱ ላይ፥ ካፓሲተሩም ጐን ለጐን ይሆናል። ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ያሳልፋል ወፍራሙን ይከለክላል፤ ጥቅል ሽቦ ወፍራሙን ያሳልፋል ቀጭኑን ይከለክላል። በዚህ አሠራር ሁለቱ ድምፆች በመጋጠሚያው ላይ በግማሽ ዙር ስለሚራራቁ፥ የትዊተሩ ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው፥ ፖዘቲቩ በኔጋቲቭ ስፍራ ይታሰራሉ። ይህን የማያውቅ ሰው «ተሳስተዋል» ብሎ ሊያስተካክለው ይቃጣዋል፤ ያን ጊዜ ድምፁን ያበላሸዋል።

«እንግዲህ ሒሳቡ ካለ ምን ቀረ?» የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። ብዙ ቀረ። ቀመሩ ማጉያውን እንደ ድንጋይ የማይለወጥ 8 ኦም አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እውነተኛው ማጉያ ግን እንዲህ አይደለም። በቀጥተኛ ኰረንቲ 6.4 ኦም የሚለካ፥ የጥቅል ሽቦውም 0.5 ሚሊሄንሪ የሆነ ዉፈር በ3,000 ሄርዝ ወደ 11.4 ኦም ይወጣል። ስለዚህ አካፋዩ ባሰብነው ስፍራ አይሠራም። ለዚህም መድኀኒቱ 8 ኦም ሬዚስተርና ወደ 7.8 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው ከዉፈሩ ጐን ለጐን እንዲታሰሩ ማድረግ ነው። ይህ ከፍ የሚለውን ኦም መልሶ ያስተካክላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጕልህነት ልዩነት ነው። ትዊተር አብዛኛውን ጊዜ ከትንሽ ዉፈር ይልቅ ይጮኻል። ትዊተሩ በ4 ዴሲቤል የሚበልጥ እንደ ሆነ፥ 3 ኦም ሬዚስተር በመንገዱ ላይ፥ 15 ኦም ደግሞ ከትዊተሩ ጐን ለጐን ብናደርግ ልዩነቱ ይወገዳል፤ ለአካፋዩም ትዊተሩ እንደ ቀድሞው 8 ኦም መስሎ ይታየዋል። ወንድሙን እንዳይጫን የሚጮኸውን ዝም ማሰኘት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የሣጥኑ ፊት ስፋት ነው። ከሣጥኑ ፊት የሚያጥረው ሞገድ ወደ አድማጩ ብቻ ይሄዳል፤ የሚረዝመው ግን ሣጥኑን ዞሮ ወደ ኋላም ይበተናል። በዚህም ምክንያት ወፍራሙ ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ሊያንስ ይችላል። ለውጡ የሚገኝበትን ስፍራ በግምት ለማግኘት 115ን ለሣጥኑ ስፋት በሜትር ማካፈል ነው፤ ለ14 ሴንቲሜትር ሣጥን 820 ሄርዝ ያህል ይሆናል። ማጉያው በክፍሉ መካከል በእግር ላይ የሚቆም ቢሆን አካፋዩ ይህን ማካካስ አለበት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቢሆን ግን ግድግዳው ራሱ የተበተነውን ድምፅ መልሶ ይሰጣል፤ በዚያ ላይ ማካካሻ ቢጨመር ድምፁ በገንቦ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆናል። እንግዲህ «ይህ ድምፅ ማጉያ ጥሩ ነውን?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «የት ይሰቀላል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኛዎቹ በግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉ አካፋያቸው ለግድግዳ የተሰላ ነው።

በትንሽ ሣጥን ውስጥ ብዙ ድካም ሊያርፍ እንደሚችል ለማሳየት አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንጥቀስ። የእንግሊዝ ራዲዮ ድርጅት፥ ቢቢሲ፥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከስቱዲዮ ውጭ በመኪና ውስጥ ለሚሠሩ ባለሙያዎቹ አንድ ትንሽ መቈጣጠሪያ ድምፅ ማጉያ አስፈለገው። መሐንዲሶቹም ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለውን ሠሩ። ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል፥ የውስጡም ይዘት 5 ሊትር ያህል ነበረ፤ ኬኢኤፍ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው አንድ ዉፈርና አንድ ትዊተር ነበሩበት፤ ክፍያውም በ3,000 ሄርዝ አጠገብ ነበረ። ነገር ግን የሣጥኑ ትንሽነት ሥራውን አላቀለለውም። አካፋዩ በብዙ ክፍሎች የተሞላ ነበረ፤ የትዊተሩን ጕልህነት ለማስተካከል ትራንስፎርመር ተደርጎበታል፥ ከሣጥኑ ጠርዝ የሚመለሰውንም ድምፅ ለመዋጥ በትዊተሩ ዙሪያ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ተለጥፎበታል። ይህ ሁሉ የተደረገው የሰው ድምፅ እንደ ሰው ድምፅ ሆኖ እንዲሰማ ነው። ከትንሽ ሣጥን ብዙ ወፍራም ድምፅ እንደማይገኝ መሐንዲሶቹ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ሊሆን የማይችለውን ትተው ሊሆን የሚችለውን በጥንቃቄ አሳመሩት።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ቃል እንጨምር። ዉፈሩና ትዊተሩ እርስ በርሳቸው እጅግ መቀራረብ አለባቸው፤ የመካከላቸው ርቀት ከመጋጠሚያው የሞገድ ርዝመት፥ ማለት ከ11.4 ሴንቲሜትር፥ ባይበልጥ መልካም ነው። ደግሞም አንዱ ከሌላው በላይ ሆኖ ይቆማል እንጂ ጐን ለጐን አይጋደምም። ሲጋደም በቀኝና በግራ ለተቀመጡት አድማጮች የሁለቱ ርቀት ስለሚለያይ በመጋጠሚያው ላይ ጕድጓድ ይፈጠራል፤ ብዙ ሰዎች ግን ለመልክ ሲሉ የመካከለኛውን ማጉያ ያጋድሙታል። የዉፈሩ ሾጣጣ ወደ ውስጥ የገባ ስለ ሆነም ድምፁ ከትዊተሩ ይዘገያል። ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ቢዘገይ በ3,000 ሄርዝ 63 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ይህ በመለኪያ ካልተፈተነ በሒሳብ ብቻ አይታመንም። ጥቅል ሽቦዎቹም ኀይላቸው እንዳይጋባ ተራርቀውና አንዱ ለአንዱ ቀጥ ባለ ማዕዘን ዞረው ይሰፈሩ። ሬዚስተሮቹ ስለሚሞቁ ሙቀት የሚችሉ፥ 10 ዋት የሆኑ ይመረጡ።

ለመፈተኛም አንድ ቀላል ዘዴ አለ። አካፋዩ ከታሰረ በኋላ የትዊተሩን ሁለት ሽቦዎች ሆን ብሎ መገልበጥና በማይክሮፎን መለካት ነው። በመጋጠሚያው ላይ ጥልቅና እኩል የሆነ ጕድጓድ ከታየ፥ ሁለቱ ማጉያዎች በትክክለኛው አያያዝ በሚገባ ይደመራሉ ማለት ነው። ጕድጓዱ ደካማና የተንጋደደ ከሆነ ግን ሥራው ገና አላለቀም። ከዚህም በኋላ የጆሮ ፈተና እናደርጋለን። አንድ ተማሪ «ሰፋ፥ ጠፋ፥ ሥራ፥ ጥራ፥ ሣር፥ ጣር» እያለ ሃምሳ ቃሎች በማይክሮፎን ያነባል፤ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡት የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ትክክለኞቹም ይቈጠራሉ። ይህ ፈተና በአንድ ሳተላይት ተፈትኖ ካልተሳካ፥ የቀሩት አራት ግድግዳ ላይ አይወጡም።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ «መቼ ይሰቀላል?» ብላችሁ አታስቸኵሉን፤ አንዱ እስኪፈተን ድረስ ታገሡን። ሁለተኛ፥ ከተሰቀለ በኋላ ድምፁ ደረትን አያናውጥም ብላችሁ አትዘኑ። እነዚህ ማጉያዎች የተሠሩት አዳራሹን ለማስጨነቅ አይደለም፤ ቃል በቃልነቱ ወደ ኋለኛው ወንበር እንዲደርስ ነው።

ለታናናሾቻችንም አንድ ነገር እንንገራቸው። ይህን ሥራ ስንማር ያገኘነው ትልቁ ትምህርት የሽቦና የካፓሲተር አይደለም። ዉፈር ትዊተር ልሁን ቢል ድምፁ ይሻክራል፤ ትዊተርም የዉፈርን ሸክም ልሸከም ቢል ይቃጠላል። ሁለቱ ግን የየራሳቸውን ድርሻ ይዘው፥ በሚገናኙበት ስፍራ እያንዳንዳቸው በግማሽ ዝቅ ቢሉ፥ አድማጩ ሁለት መሆናቸውን እንኳ አያውቅም። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን አንዱ ሐኪም፥ አንዱ ገበሬ፥ አንዱ መምህር፥ አንዱም መካኒክ ስንሆን፥ የምንገናኝበትን ስፍራ እንዲህ ልናሳምረው ይገባናል።